ስለ ማዕረግ ዕድገት ፈተና የጠየቃችሁን

በፖሊስ የማዕረግ ዕድገት ፈተና ዙሪያ ከደረሱን ጥያቄዎች የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገን፣ ረዘም ያሉትን አሳጥረን እነሆ ከነመልሳቸው። የጠያቂዎቹን ስም፣ የሥራ ቦታና ክፍል ሆን ብለን አስቀርተናል።

ጥያቄ፦ የተፈተንኩት ለሳጅንነት ነው። ከ100ው ጥያቄ ሩብ ያህሉ «መመሪያው መቼ ወጣ»፣ «አንቀጹ ስንት ቁጥር ነው» የሚል ነበር። በሥራ ላይ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። እንዲህ ያለ ፈተና ፍትሐዊ ነው ይባላል?

መልስ፦ አይባልም። ነገር ግን «ከሥራው ጋር አይገናኝም» ብለው ብቻ ቢጽፉ ቅሬታዎ ውድቅ ይደረጋል። መጠየቅ ያለብዎት የሥራ ትንተናውን ነው። ፈተና አዘጋጁ አንድ ጥያቄ እንኳ ከመጻፉ በፊት በማዕረጉ ላይ ያሉ ሳጅኖችንና የቅርብ አለቆቻቸውን አነጋግሮ የሳጅን ሥራ ምን ምን እንደሆነ መዘርዘር ነበረበት፤ ተረኞችን ማሰማራት፣ የበታቾችን ሪፖርት ማረም፣ የወንጀል ስፍራ እንዳይነካካ ማስጠበቅ፣ ማረፊያ ቤት መቆጣጠር፣ አባል ኃይል ሲጠቀም ቦታው ድረስ ሄዶ ማጣራት፣ የሕዝብ አቤቱታ መቀበል። ቀጥሎ እያንዳንዱ ተግባር ከ1 እስከ 5 በሆነ ሚዛን ሁለት ጊዜ ይመዘናል፤ አንዴ በድግግሞሹ፣ አንዴ ቢበላሽ በሚያስከትለው ጉዳት። ማረፊያ ቤት ውስጥ በጠና የታመመ ሰው በወር አንዴ ቢያጋጥም ነው፤ ስህተቱ ግን የሰው ሕይወት ያስከፍላል። ድግግሞሽን ብቻ ያየ ትንተና ፈተናውን በቅጽ አሞላል ጥያቄ ይሞላዋል።

ብዙ ጊዜ የሚዘለሉት ሁለት ጥያቄዎች ከዚህ በኋላ ይመጣሉ። አንደኛው፤ ሰውየው ይህን ዕውቀት ማዕረጉን በለበሰበት ቀን ይዞት መገኘት አለበት ወይስ ከሹመት በኋላ በሚሰጠው ሥልጠና ያገኘዋል? በሥልጠና የሚያገኘው ከሆነ አሁን አይጠየቅም። ሁለተኛው፤ በቃል መያዝ ያለበት ነው ወይስ ተገልጦ የሚታይ? ኃይል መጠቀም መቼ እንደሚፈቀድ መንገድ ላይ ሰነድ አገላብጦ የሚያይ የለም። የአንቀጽ ቁጥር ግን ሰነዱ ሲዘጋጅ ጠረጴዛ ላይ ተገልጦ ይታያል። የእርስዎ ቅሬታ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው።

ከትንተናው የፈተናው ቢጋር፣ ማለትም ከየትኛው የሥራ ክፍል ስንት ጥያቄ እንደሚወጣ የሚያሳየው ዕቅድ፣ ይወጣል። ለምሳሌ ያህል፤ የበታች ቁጥጥር 30 ጥያቄ፣ መያዝ፣ ብርበራና ኃይል አጠቃቀም 25፣ የወንጀል ስፍራና ማስረጃ 20፣ ማረፊያ ቤት 15፣ ሪፖርትና መዝገብ 10። ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን የሚለካው ተግባር ቁጥር ይጻፋል። ጥያቄዎቹን እንዲያዩ ባይፈቀድልዎት እንኳ ቢጋሩ ምስጢር የሚሆንበት ምክንያት የለም፤ እንዲያውም ከፈተናው በፊት መለጠፍ አለበት። ቢጋር የሌለው ፈተና ከሆነ ቅሬታዎ በግማሽ ተፈጽሟል ማለት ነው።

አዘጋጆች የዓመትና የቁጥር ጥያቄ የሚያበዙት በክፋት አይደለም። ለመጻፍ ይቀላል፣ መልሱም አያከራክርም። ያንኑ ዕውቀት ወደ ሥራው ማምጣት ግን የሚቻል ነው። «የተያዙ ሰዎች አያያዝ መመሪያ ክፍል አራት ስለ ምን ይደነግጋል?» በሚለው ፈንታ እንዲህ ይጠየቅ፦ «ከእርስዎ በታች ያለ አባል አንድ ተጠርጣሪ በካቴና አስሮ ያመጣል። ተጠርጣሪው ደረቴን ያመኛል ይላል። አባሉ፣ ሁሉም ሲያዝ እንዲህ ነው የሚለው፣ መጀመሪያ ይመዝገብ ይላል። ቀድመው የሚያደርጉት የትኛውን ነው? ሀ) ምዝገባው እንዲያልቅ መጠበቅ፤ ለ) ሕክምና መጥራትና ተጠርጣሪውን በዓይን የሚከታተል ሰው መመደብ፤ ሐ) ለኃላፊ ደውሎ መመሪያ መጠየቅ፤ መ) ስለ ሕመሙ የጽሑፍ ቃል መቀበል።» የመመሪያውን ቁጥር ሸምድዶ ትርጉሙን ያልያዘ ሰው እዚህ ላይ ይታወቃል። አራቱ አማራጮች ርዝመታቸው ተቀራራቢ መሆኑንም ልብ ይበሉ፤ ትክክለኛው መልስ ሁልጊዜ ረጅሙ የሚሆንበት ፈተና የሚለካው ፈተና የመፈተን ብልጠትን ነው።

ጥያቄ፦ የንባብ ዝርዝሩን ቢሮ ያሉት ቀድመውን አግኝተው ሲያጠኑ ቆይተዋል። የሌሊት ተረኞች የሰማነው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ይህም እንደ ፈተና ስርቆት ይቆጠራል?

መልስ፦ ስርቆት አይባል እንጂ የሚያደርሰው ጉዳት ከስርቆት አያንስም። ጥያቄ ሲወጣ ጥቂቶች ይጠቀማሉ፤ የንባብ ጊዜ ሲበላለጥ አንድ ሙሉ ፈረቃ ወደ ኋላ ይቀራል። ጥሩ ማስታወቂያ የሚከተለውን ይይዛል፤ የሰነዱ ስም፣ የትኛው እትም እንደሆነ፣ ከየትኛው ምዕራፍ እስከ የትኛው፣ እንዲሁም «ከዚህ ቀን በኋላ የወጣ ማሻሻያ አይጠየቅም» የሚል የመቁረጫ ቀን። የመቁረጫ ቀን ካልተጻፈ አዲሱን ያነበበና አሮጌውን ያነበበ ሁለቱም ትክክል ሆነው አንዳቸው ይወድቃሉ። ለንባብ ሦስት ወር ገደማ ቢሰጥ መልካም ነው። ማስታወቂያው በሁሉም ጣቢያ በአንድ ቀን ወጥቶ እያንዳንዱ አባል መስማቱን በፊርማው ሊያረጋግጥ ይገባል። ያ የፊርማ መዝገብ ነው ማስረጃዎ፤ ቀኖቹ በጣቢያና በጣቢያ መካከል ከተራራቁ ሌላ ክርክር አያስፈልግም። ሰነዱ በቅጂ እጥረት የሚገኘው ቢሮ ውስጥ ብቻ ከሆነ ማስታወቂያው በአንድ ቀን መለጠፉ ዋጋ የለውም።

ከሌሊት ተረኛ ወጥቶ በቀጥታ ፈተና አዳራሽ መግባት ደግሞ ሌላው በደል ነው። ተፈታኝ ቢያንስ ከፈተናው በፊት ባለው ሌሊት ከተረኝነት ነፃ ሊሆን ይገባል፤ ይህ የተረኛ ሰሌዳ የማስተካከል ጉዳይ ብቻ ነው። በሕመም ወይም በግዳጅ ለቀረ ሰው ሌላ ቀን ሲሰጥ ጥያቄዎቹ ሌሎች፣ ቢጋሩ ግን ያው መሆን አለበት። ያንኑ ወረቀት ከሳምንት በኋላ መስጠት ለእሱ ማድላት ነው፤ እጅግ የከበደ ሌላ ወረቀት መስጠት ደግሞ መቅጣት።

ስለ ስርቆቱም ካነሱ፣ «እነ እገሌ ብዙ አመጡ» ማስረጃ አይሆንም። ሁለት ሰዎች ብዙ ትክክለኛ መልስ ቢጋሩ ሁለቱም አጥንተው ሊሆን ይችላል። መርማሪ የሚያየው የተጋሩትን ስህተት ነው፤ በብዙ ጥያቄዎች ላይ ያንኑ የተሳሳተ ፊደል የመረጡ ሰዎች አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው ወይም አንድ የተሳሳተ የመልስ ወረቀት አጥንተው ይሆናል። ጥያቄ የጻፈ ሰው ተፈታኞችን ማስጠናት የለበትም፤ ይህንንም ሥራውን ሲጀምር ፈርሞ ነው የሚገባው። ቅጂዎቹ ተራ ቁጥር ይኖራቸዋል፤ የታሸገው ፖስታ በአዳራሹ ውስጥ ሁለት ተፈታኞች እሽጉ ያልተነካ መሆኑን አይተው ከፈረሙ በኋላ ይከፈታል፤ የተረፉት ቅጂዎችም ተቆጥረው ይመለሳሉ። አንድ ቅጂ ከጎደለ ያ ስብስብ ድጋሚ አይሰጥም።

ጥያቄ፦ የጽሑፉ 60 በመቶ፣ የቃሉ 40 በመቶ ነው ተብለን ነበር። በጽሑፍ ከፍተኛ ያመጡት ሁሉ ወድቀው በጽሑፍ ከአማካይ በታች የነበሩ ተሾሙ። 60 ከ40 አይበልጥም እንዴ?

መልስ፦ በወረቀት ይበልጣል። ውጤቱን የሚወስነው ግን ነጥቦቹ ምን ያህል ተበታትነዋል የሚለው ነው። የጽሑፉ አማካይ 74፣ መደበኛ ልይይቱ (ነጥቦቹ ከአማካዩ በተለምዶ የሚርቁበት መጠን) 4 ነው እንበል፤ ሁሉም ተጠጋግተዋል ማለት ነው። የቃሉ አማካይ 70፣ ልይይቱ 12 ይሁን። 4ን በ0.60 ሲያባዙ 2.4፣ 12ን በ0.40 ሲያባዙ 4.8። የቃሉ ፈተና በተግባር ከጽሑፉ እጥፍ ክብደት አገኘ ማለት ነው።

በሁለት ሰው እንየው። የመጀመሪያው በጽሑፍ 82፣ በቃል 64 አመጣ። በጽሑፍ ከአማካዩ በሁለት ልይይት ይበልጣል፣ በቃል በግማሽ ልይይት ያንሳል። ድምሩ 49.2 ሲደመር 25.6፣ ማለትም 74.8። ሁለተኛው በጽሑፍ 70፣ በቃል 83 አመጣ፤ 42 ሲደመር 33.2፣ 75.2 ሆነ። ሁለተኛው ቀደመ። ሁለቱ ፈተናዎች መጀመሪያ ወደ አንድ ሚዛን ቢለወጡ ኖሮ፣ ማለትም ከእያንዳንዱ ነጥብ አማካዩ ተቀንሶ ለልይይቱ ቢካፈል፣ የመጀመሪያው 1.0 ሲያገኝ ሁለተኛው ከዜሮ በታች በ0.17 ይወርድ ነበር። ማንም አላጭበረበረም፤ የደመረው ሰው ነጥቦቹን ሳያመዛዝን ደመረ እንጂ። ቅሬታዎን ሲጽፉ «የሁለቱ ፈተናዎች አማካይና መደበኛ ልይይት ይገለጽልኝ፣ የተደመረው በጥሬው ነው ወይስ ተመዛዝኖ?» ብለው ይጠይቁ። ሁለት መስመር ጥያቄ ነው።

በተቃራኒውም ይሠራል። የቅርብ አለቃ የሚሞላው የሥራ አፈጻጸም ምዘና ለሁሉም 95 እና 96 ከተሰጠበት፣ 20 በመቶ ተብሎ ቢጻፍም ማንንም ከማንም አይለይም። ወይም ደግሞ ይባስ ብሎ አንድ ጥብቅ አለቃ ብቻውን 80 ሲሰጥ የእሱ የበታቾች በሙሉ ይሰምጣሉ።

ጥያቄ፦ የቃል ፈተና ገምጋሚዎቹ ያውቁናል። አንደኛው የቀድሞ አለቃዬ ነው፤ ተጣልተን ነው የተለያየነው። የቃል ፈተና ጭራሹን ይቅር ማለት አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። በምርጫ ጥያቄ ብቻ የሚሾም አለቃ ሰው ማናገርና ማዘዝ ይችል አይችል ሳይታወቅ ነው የሚሾመው። በዚህ ላይ ሁለት የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ጥሩ ማነጻጸሪያ ናቸው። በአሜሪካ የቦስተን ከተማ ፖሊስ የሳጅንነት ፈተና (የ2005 እና የ2008፤ እዚህም ሆነ ከዚህ በታች ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው) 80 በመቶ የጽሑፍ ምርጫ፣ 20 በመቶ የትምህርትና የሥራ ልምድ ነበር። ጥቁርና ሂስፓኒክ ተፈታኞች ፈተናው ከሌሎች ወደ ኋላ አስቀረን ብለው ከሰሱ፤ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2016 ፈተናውን አጸናው፤ ያን ያህል የሚለካና ልዩነቱን የሚያጠብ ሌላ ዘዴ አላሳያችሁም በማለት። የዚያው ከተማ የሌተናንትነት ፈተና ግን በ2015 በሥር ፍርድ ቤት ተሸነፈ። ዳኛው ያሉት፣ ለማዕረጉ አስፈላጊ ከሆኑት ችሎታዎች ዋና ዋናዎቹ በጽሑፍ ፈተናው አልተለኩም ነው። ማዕረጉ ከፍ ባለ ቁጥር የጽሑፍ ምርጫ ብቻውን የሚሸፍነው የሥራ ክፍል ይቀንሳል።

ስለዚህ የቃሉ ፈተና ይኑር፣ ግን ይታሰር። ለሁሉም ተፈታኝ ያው ጥያቄ በዚያው ቅደም ተከተል፣ በእኩል ደቂቃ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ አስቀድሞ የተጻፈ የነጥብ መግለጫ፤ «5 የሚሰጠው ተፈታኙ ሕክምና መጥራትን፣ ተከታታይ መመደብንና መመዝገብን ከጠቀሰ፤ 3 የሚሰጠው ሕክምና ጠቅሶ ክትትሉን ከረሳ፤ 1 የሚሰጠው ምዝገባውን ካስቀደመ» በሚል ዓይነት። «በራስ መተማመን ይታይበታል» የሚል መስፈርት ካዩ ለመውደድና ለመጥላት የተተወ በር ነው። ገምጋሚዎቹ ሦስት ቢሆኑ ጥሩ ነው፤ እያንዳንዱ ሳይነጋገር በቀለም ጽፎ ይፈርማል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ይነጻጸራል። በሁለት ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ የተለያዩበት ላይ የሰሙትን ማስታወሻ አንብበው ይወያያሉ፤ ነጥቡን የለወጠ ሰው የመጀመሪያውን ሳይደልዝ አዲሱን ከነምክንያቱ ከጎኑ ይጽፋል። የጽሑፍ ፈተናውን ውጤት አስቀድመው ማየት የለባቸውም፤ 90 ያመጣ ሰው ሲገባ ጆሮ ሁሉ አስቀድሞ ይከፈትለታል።

የቀድሞ አለቃዎን በተመለከተ ጊዜው ወሳኝ ነው። የገምጋሚዎች ስም ከፈተናው ቀናት በፊት ሊነገር፣ ተፈታኝም በጽሑፍ «እገሌ እንዳይገመግመኝ» ሊል ይገባል። እሱ ከወጣ ደግሞ ለእርስዎ ብቻ ሳይሆን ለዚያ ማዕረግ ተፈታኞች በሙሉ መተካት አለበት፤ ካልሆነ እርስዎ በአንድ ሚዛን፣ ሌላው በሌላ ሚዛን ተለካችሁ። ውጤት ከወጣ በኋላ የሚቀርብ «ጠላቴ ነው» ብዙም ሰሚ አያገኝም። ድምፅ መቅረጽ ከተቻለ ግማሹ ክርክር ይቀራል።

አንድ ነገር እንጨምር፤ ተፈታኞች ቀኑን ሙሉ ተራ በተራ ሲገቡ ጠዋት የገባው ጥያቄውን ለከሰዓቱ ይነግረዋል። ጨርሶ የወጣውና ገና የሚጠብቀው እንዳይገናኙ ሁለት ክፍልና ሁለት በር ያስፈልጋል፤ ስልክም ከመጠበቂያው ክፍል መግቢያ ላይ ይሰበሰባል።

ጥያቄ፦ ማለፊያው 70 ነው፤ እኔ 69 አመጣሁ። አንድ ነጥብ አቅም ይለያል?

መልስ፦ አይለይም። የነጥቦቹ ልይይት 8፣ የፈተናው አስተማማኝነት (ፈተናው ቢደገም ውጤቱ ምን ያህል እንደሚጸና ከ0 እስከ 1 የሚያሳየው ቁጥር) 0.84 ቢሆን የመለኪያው ስህተት 3.2 ነጥብ ነው (0.84ን ከ1 ሲቀንሱ 0.16፤ ካሬ ሥሩ 0.4፤ ሲባዛ በ8)። ያው ሰው በሌላ ቀን ተመሳሳይ ፈተና ቢወስድ ሦስት ነጥብ ገደማ ወዲህ ወዲያ ማለቱ የሚጠበቅ ነው። ሁለት ሰዎችን ሲያነጻጽሩ ደግሞ ስህተቱ ወደ 4.5 ያድጋል። 84 ያመጣውን ከ82ቱ አስቀድሞ «ይበልጣል» ማለት ወረቀቱ የማይሸከመው አባባል ነው።

ሆኖም መስመር አንድ ቦታ መሰመር አለበት፤ ለእርስዎ 69 ቢፈቀድ 68 ያመጣው ያንኑ ይላል። ትክክለኛው ክርክር 70 ከየት መጣ የሚለው ነው። «ሁሌም 70 ነው» መልስ አይደለም፤ በከባድ ወረቀት 70 ብዙ ብቁ ሰው ይጥላል፣ በቀላል ወረቀት ማንንም ያሳልፋል። የተለመደው ዘዴ እንዲህ ነው። ስምንት ወይም አሥር ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች እያንዳንዱን ጥያቄ እያነበቡ «ለማዕረጉ ገና ጫፉ ላይ የደረሱ፣ ግን ብቁ የሆኑ 100 ሰዎች ቢፈተኑ ይህን ስንቱ ይመልሱታል?» ለሚለው ቁጥር ይጽፋሉ። ለአንዱ ጥያቄ 80፣ ለሌላው 45 ሊሉ ይችላሉ። የሁሉም አማካይ 64 ከሆነ ማለፊያው 64 ነው። ዳኞቹ «ጎበዝ ሳጅን» እያሰቡ ከገመቱ ግን መስመሩ ያለ አግባብ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም እዚህ ነው። ይህ ሁሉ ከውጤቱ በፊት ተፈርሞ ይቀመጣል። ነጥቦች ከታዩ በኋላ ማለፊያ ሲወርድም ሲወጣም የሚያልፈውና የሚወድቀው ሰው ስም ይታወቃል፤ ያኔ ማንም ቢምል አይታመንም።

ጥያቄ፦ በእኛ ክፍል ከተፈተኑት ሴቶች ያለፉት ጥቂት ናቸው። ፈተናው በሴቶች ላይ ያዳላል ወይስ አያዳላም የሚባለው በምን ይታወቃል?

መልስ፦ ፈጣኑ መመርመሪያ በአሜሪካ በ1978 በወጣው የመንግሥት መመሪያ ያለው የአራት አምስተኛ መለኪያ ነው። የአንዱ ቡድን የማለፍ መጠን ከከፍተኛው ቡድን መጠን ከ80 በመቶ በታች ከሆነ ፈተናው ይፈተሽ ይላል። 120 ወንዶች ተፈትነው 48 ካለፉ 40 በመቶ ነው። 30 ሴቶች ተፈትነው 9 ካለፉ 30 በመቶ። 30 ለ40 ሲካፈል 0.75፤ ከ0.80 በታች ሆነ። ግን አንዲት ሴት ብቻ ብትጨመር፣ 10 ብትሆን፣ 0.83 ይሆንና መለኪያው ዝም ይላል። በትንሽ ቁጥር ላይ ይህን ያህል ይዋዥቃል፤ ስለዚህ የበርካታ ዙሮች ውጤት ተደምሮ ቢታይ ይሻላል። ልዩነት መገኘቱም በራሱ አድልዎ መኖሩን አያረጋግጥም፤ ወደ ሥራ ትንተናው ተመለሱ ማለት ነው።

በየደረጃው ለየብቻ ማስላትም አይርሱ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982፣ በመጨረሻ የተሾሙት ቁጥር የተመጣጠነ ቢሆንም በመካከል ላይ ያለ አንድ ፈተና ሰዎችን ያለ አግባብ ከጣለ ተጠያቂነቱ አይቀርም ብሏል።

የሚደረገው ማስተካከያ መቼ እንደሚደረግ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአሜሪካዋ ኒው ሄቨን ከተማ በ2003 ለእሳት አደጋ ሠራተኞቹ የሌተናንትነትና የካፒቴንነት ፈተና ሰጠ፤ 118 ሰዎች ተፈተኑ። ለሌተናንትነት ከተፈተኑት 43 ነጮች 25ቱ፣ ከ19 ጥቁሮች 6ቱ፣ ከ15 ሂስፓኒኮች 3ቱ አለፉ። ከተማው ክስ ፈርቶ ውጤቱን በሙሉ ጣለው። ያለፉት ከሰሱ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2009 በ5 ለ4 ድምፅ ፈረደላቸው፤ ፈተናው ከሥራው ጋር የማይገናኝ ስለመሆኑ ጠንካራ ማስረጃ ሳይኖር በዘር ምክንያት ውጤት መሰረዝ አይቻልም ሲል። እሳት አደጋም ሆነ ፖሊስ ሕጉ አንድ ነው። ነጥብ በዘር ወይም በፆታ ማስተካከልንም የዚያች አገር ሕግ በ1991 ከልክሏል። ስለዚህ ሥራው ከፈተናው በፊት ያለው ነው፤ ጥያቄዎቹን ከተለያየ ቡድን የመጡ ባለሙያዎች ያንብቧቸው፣ በሙከራ ይፈተሹ (በእንግሊዝና በዌልስ የሳጅንነት የሕግ ፈተና ለዓመታት ከ150 ጥያቄዎች 10ሩ ነጥብ የማይቆጠርባቸው የሙከራ ጥያቄዎች ነበሩ)፣ የንባብ ጊዜው ልጅ የምታሳድግ እናትንም ያገናዝብ። የሥልጠና ምደባና የምርመራ ክፍል ልምድ ለሴቶች ካልተሰጠ ደግሞ ፈተናው የሚያሳየው አስቀድሞ የተደረገውን ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ጥያቄ የመልስ ስህተት አለበት ብዬ አምናለሁ። ቅሬታውን እንዴት ልጻፈው?

መልስ፦ በአንድ ገጽ፣ አንድ ጥያቄ በአንድ አንቀጽ። የጥያቄው ቁጥር፣ የመረጡት ፊደል፣ እንደ ትክክል የተያዘው ፊደል፣ ሰነዱ፣ እትሙና ገጹ፣ ከዚያም የሰነዱ ቃል እንዳለ ተገልብጦ። «ግልጽ አይደለም» አይበሉ፤ «በገጹ ላይ ያለው ቃል ‹ወዲያውኑ› ይላል፣ የፈተናው መልስ ‹በ24 ሰዓት ውስጥ› ይላል» ይበሉ። የቅሬታ ቀነ ገደብ ብዙውን ጊዜ አጭር ነው፤ ከአዳራሽ እንደወጡ የሚያስታውሱትን በዚያው ቀን ይጻፉ።

ኮሚቴው የሚያየው የሰነዱን ቃል ብቻ መሆን የለበትም። በጠቅላላ ውጤት ከላይ ያሉት ሲሶዎች ሲሳሳቱና ከታች ያሉት ሲመልሱት የነበረ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የመልስ ቁልፉ ተሳስቷል። ሁለት መልስ ትክክል ከሆነ ሁለቱም ይያዛሉ። ትክክለኛ መልስ ጨርሶ ከሌለ ጥያቄው ከሁሉም ይወጣል ወይም ለሁሉም ይሰጣል። በደረጃ አሰላለፍ ልዩነት የለውም፤ በማለፊያ ነጥብ ላይ ግን አለው፤ በ100 ጥያቄ 69 ያገኘና ያንን የሳተ ሰው ነጥቡ ለሁሉም ቢሰጥ 70 ይሆናል፣ ጥያቄው ቢወጣ 69 ከ99፣ ማለትም 69.7 ነው። የትኛው እንደሚደረግ በደንቡ አስቀድሞ ያልተጻፈ ከሆነ እዚህ ላይ ነው ጭቅጭቁ የሚነሳው። እርማቱ ለአመልካቹ ብቻ ከተደረገ ያ ራሱ አዲስ አድልዎ ነው፤ የሁሉም ወረቀት እንደገና ይታረማል።

ጥያቄ፦ የአገልግሎት ዘመን ነጥብ መሰጠቱ አግባብ ነው?

መልስ፦ ጣሪያ ካለው አዎን። በዓመት ግማሽ ነጥብ እስከ 5 ነጥብ ቢሆን ከአሥር ዓመት በላይ ያለው አይጨምርም፤ ልምድ ታየ፣ ችሎታም አልተዋጠም። ጣሪያ ከሌለው የፈተናው ድካም ትርጉም ያጣል። ነጥቡ የሚደመረውም ላለፉት ብቻ ነው፤ ለወደቀ ሰው ማለፊያ መግዣ መሆን የለበትም።

ጥያቄ፦ በዝርዝሩ አንደኛ ነበርኩ፣ ሦስተኛው ተሾመ። መብት አላቸው?

መልስ፦ በደንቡ ይወሰናል። ብዙ ቦታ ለአንድ ክፍት ቦታ ከላይ ያሉ ሦስት ሰዎች ቀርበው ኃላፊው ከመካከላቸው ይመርጣል። ያ ከተፈቀደ መታለፍዎ ብቻውን ጥሰት አይደለም። መጠየቅ የሚችሉት የታለፉበትን ምክንያት በጽሑፍ ነው፤ ምክንያቱም ከግል ማህደርዎ ጋር የሚገጥም መሆን አለበት። በማህደርዎ ያልነበረ የዲሲፕሊን ጉዳይ በደብዳቤው ላይ ብቅ ካለ ቀኑን ይመልከቱ። ዝርዝሩ የሚጸናበት ዘመንም ይጠየቅ፤ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ተብሎ ከፈተናው በፊት ተጽፎ ከነበረ፣ ቀጣዩ ተረኛ ማን እንደሆነ ከታየ በኋላ ማራዘምም ሆነ ማሳጠር ለምን እንዳስፈለገ የሚያስረዳ ውሳኔ ያሻዋል። የመልስ ወረቀቶችና የገምጋሚዎች ቅጽ ቢያንስ ዝርዝሩ እስኪያበቃና የተከፈተ ክርክር እስኪዘጋ አይቃጠሉም፤ ማመልከቻዎን ሲያስገቡ «ሰነዶቹ እንዲጠበቁልኝ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምረው በቅጂው ላይ የመዝገብ ቤቱን የገቢ ማህተምና ቀን ያስደርጉ።